ያለቀውን ቶነር እንደ ገና ሞልቶ ስለ መጠቀም

ቀለም የትምህርት መሣሪያ ነው። የጥንት የአገራችን ጸሐፊዎች ቀለማቸውን ራሳቸው ያዘጋጁ ነበር። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀውን ጥላሸት ካረረ እህል ጋር ወቅጠው፤ ሙጫና ውሃ ጨምረው፤ ብዙ ወራት ያቆዩታል። ከዚያም በቀንድ አድርገው በመቃ ብዕር ይጽፉበታል። ቀለሙ ባለቀ ጊዜ ቀንዱ እንደ ገና ይሞላል እንጂ አይጣልም።

ዛሬ ግን የማተሚያ መኪና፤ ማለት ፕሪንተር፤ ባለበት ትምህርት ቤት ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። ቀለሙ ሲያልቅ ማደሪያው አብሮ ይጣልና ሌላ አዲስ በብዙ ብር ይገዛል። የፈተና ወረቀት በየጊዜው ለሚያትም ትምህርት ቤት ይህ ወጪ ከባድ ነው፤ ለመጽሐፍና ለጠመኔ የሚሆነው ገንዘብ በዚህ ያልቃልና። ስለዚህ ያለቀውን ማደሪያ በራስ እጅ ሞልቶ መጠቀም እንደሚቻል፤ ነገር ግን ያለ ዕውቀት የተደረገ እንደ ሆነ ቁጠባው ኪሣራ እንደሚሆን በዚህ ትምህርት ይገለጻል።

፩ኛ። ስለ ሰንጋ ተራ

በአዲስ አበባ መካከል ሰንጋ ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ እንደሚያስረዳው የሰንጋ በሬ ገበያ ነበረ። በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተው፤ በኋላም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተዋሐደው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በዚሁ ሰፈር ነበረ። በዚያም ብዙ ወጣቶች የሒሳብ አያያዝን፤ የጽሕፈት መኪናንና የጸሐፊነትን ሥራ ተምረው በየመሥሪያ ቤቱ ተሠማርተዋል። ዛሬ በሰፈሩ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ቆመዋል። ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ስፍራ የወረቀትና የሒሳብ ስፍራ ሆነ ማለት ነው።

ተማሪና ጸሐፊ በበዛበት ቦታ ሁሉ ፎቶ ኮፒና ኅትመት የሚሠሩ ትንንሽ ሱቆች አይጠፉም። እነዚህ ሱቆች በቀን ብዙ ወረቀት የሚያወጡ ስለ ሆኑ ባለቀ ቁጥር አዲስ ቶነር ቢገዙ ትርፍ አይተርፋቸውም። ስለዚህ ዱቄቱን ለብቻ ገዝቶ መሙላት የታወቀ ሙያ ሆኗል። የገጠሩ መምህር ከዚህ ሙያ የሚማረው ነገር አለ።

፪ኛ። ቶነር ምን እንደ ሆነ

ቶነር ፈሳሽ ቀለም አይደለም፤ እጅግ የላመ ዱቄት ነው። ከሁሉ የሚበዛው በሙቀት የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ ጥቁረቱን የሚሰጠውም ካርቦን፤ ማለት በፋብሪካ የተዘጋጀ ጥላሸት ነው። በብዙዎቹም ውስጥ የብረት ዝገት ዘር የሆነ ጥቁር ማዕድን ይጨመራል። እንግዲህ የጥንቱ ጸሐፊና የዛሬው መኪና በጥላሸት ይገናኛሉ፤ ሙጫው ብቻ በፕላስቲክ ተለወጠ።

የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነች በእርሷ ርዝመት ላይ መቶ የቶነር ቅንጣቶች በተርታ ሊቆሙ ይችላሉ። ይህን ልክ ማወቅ ከዚህ በታች ስለ ጤና ለሚነገረው ቃል ያስፈልጋል።

፫ኛ። መኪናው እንዴት እንደሚያትም

ደረቅ ጠጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ቢበጠርና ማበጠሪያው ወደ ወረቀት ቁራጭ ቢቀርብ ቁራጩ ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። ይህን ያደረገው በማሸት የተነሣው ኤሌክትሪክ ነው። መኪናውም የሚሠራው በዚሁ ኃይል ነው።

ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች ቁጥር በ1938 ዓ.ም. በድኝ የተለበጠ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ አሽቶ፤ ጽሑፍ ያለበትን መስታወት በላዩ አድርጎ ብርሃን አበራበት፤ ዱቄትም ነሰነሰበት። ጽሑፉም በዱቄቱ ተቀርጾ ታየ። ከዚህም የፎቶ ኮፒ መኪና ተገኘ። በኋላም ጋሪ ስታርክዌዘር የተባለው ጠቢብ በሌዘር ብርሃን የሚጽፈውን መኪና አስገኘ።

በመኪናው ውስጥ ድራም የሚባል ጥቅል አለ። ድራሙ በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ የሌዘሩ ብርሃን ፊደሉ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያጠፋዋል፤ ዱቄቱም በዚያ ቦታ ብቻ ይለጠፋል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል። በመጨረሻም እስከ 200 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ተጨፍልቆ እንደ ሰም ቀልጦ ይጣበቃል። ወደ ወረቀቱ ሳይሻገር የቀረውን ትራፊ አንድ ምላጭ መሳይ ላስቲክ ከድራሙ ላይ ጠርጎ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይጥለዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በማደሪያው፤ ማለት በካርትሪጁ ውስጥ የሚያልቀው ዱቄቱ ብቻ አይደለም። ድራሙም ላስቲኩም ቀስ በቀስ ያረጃሉ። ዱቄቱን ብቻ እያሰበ የሚሞላ ሰው የሥራውን እኩሌታ ረስቷል።

፬ኛ። ስለ አሞላሉ ሥርዓት

አንደኛ፤ የካርትሪጁ ቁጥር ተነቦ ለእርሱ የተሠራው ዱቄት ብቻ ይገዛል። ዱቄት ሁሉ ጥቁር ስለ ሆነ አንድ አይደለም፤ የሚቀልጥበት ሙቀትና የሚቀበለው ኤሌክትሪክ ይለያያልና።

ሁለተኛ፤ ነፋስ በሌለበት፤ ሕፃናትና ምግብ በማይደርሱበት ስፍራ አሮጌ ጋዜጣ ተነጥፎ፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፤ የእጅ ጓንት ተደርጎ ይሠራል።

ሦስተኛ፤ ድራሙ በጣት አይነካም፤ በፀሐይ ብርሃንም አይቆይም። ብርሃን ስለሚጎዳው ወዲያው በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል።

አራተኛ፤ የቆሻሻው ማጠራቀሚያ ተከፍቶ በከረጢት ውስጥ ይራገፋል። ብዙ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ፤ ሞልቶም ሲፈስ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። የተራገፈው ትራፊ የወረቀት ብናኝ ስላለበት ተመልሶ አይጨመርም።

አምስተኛ፤ የዱቄቱ ቤት መክደኛ ተነቅሎ ዱቄቱ በመንቆርቆሪያ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። ለምሳሌ 12ኤ ለሚባለው ለታወቀው የኤች ፒ ካርትሪጅ 100 ግራም ያህል ይበቃዋል። ያለ ልክ የሞላ ይፈሳል እንጂ አይበረክትም። በጋለ ብረት ቀዳዳ መብሳት ግን መልካም አይደለም፤ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጢሱም ይጎዳል።

ስድስተኛ፤ መክደኛው ተገጥሞ፤ ዱቄቱ እንዲዳረስ ካርትሪጁ አግድም ተይዞ በቀስታ ይወዛወዛል። በአንዳንዱም ካርትሪጅ ላይ ገጽ የሚቆጥር ትንሽ ቺፕ ስላለ እርሱ ካልተለወጠ መኪናው አልቋል እያለ ያስጠነቅቃል፤ ወይም አላትምም ይላል። 12ኤ ይህ ቺፕ የለበትም።

፭ኛ። ጉድለቱን ከወረቀቱ ላይ ስለ ማወቅ

ከተሞላ በኋላ ጥቂት ወረቀት ለሙከራ ይታተማል። ወረቀቱ በሙሉ ግራጫ ቢሆን ዱቄቱ ለካርትሪጁ አይስማማም፤ ወይም ላስቲኩ አርጅቷል። ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መሥመር ቢወጣ ድራሙ ተጭሯል፤ ወይም ላስቲኩ ተበልቷል።

አንድ ነጥብ እየተደጋገመ ቢታይ ርቀቱ በማስመሪያ ይለካ። የ12ኤ ድራም ውፍረት 24 ሚሊሜትር ነው። ይህ በ3.14 ሲባዛ የድራሙ ዙሪያ 75 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ነጥቡም በየ75 ሚሊሜትር የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ ከድራሙ ነው፤ ዱቄት መጨመር አያድነውም። የክብ ዙሪያን ስሌት የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በእጁ የለውም።

የደበዘዘ ኅትመት በተለይ በአማርኛ ፊደል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊታሰብ ይገባል። ፊደላችን በጥቃቅን ጭረት ይለያያል። የ«ሸ» የራስጌ መሥመር የጠፋ እንደ ሆነ «ሸማ» የነበረው «ሰማ» ይሆናል፤ የ«ሉ» ጭረት ቢጠፋም «በሉ» የነበረው «በለ» ይሆናል። በሒሳብም 0.5 የነበረው ነጥቡ ቢጠፋ 05 ይሆናል። ተማሪው ትምህርቱን ሳያጣ ጥያቄውን አጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ የፈተና ወረቀት በተሞላ ቶነር ሲታተም መምህሩ አስቀድሞ ማየት ይገባዋል፤ የማይነበበውንም ለተማሪ አይስጥ።

፮ኛ። ስለ ሒሳቡ

የሚከተለው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ የተሰጠ ነው፤ መምህሩ በገበያው ዋጋ ይለውጠው። አዲስ ካርትሪጅ 6000 ብር ተገዝቶ 2000 ገጽ ቢያትም አንዱ ገጽ 3 ብር ወጣበት። መልካም ዱቄት በ600 ብር ተገዝቶ፤ ለድራሙ እርጅና 150 ብር ተቀምጦ፤ 1500 የሚነበብ ገጽ ቢያወጣ አንዱ ገጽ 50 ሳንቲም ሆነ።

ሌላው ሰው ርካሽ ነው ብሎ በ400 ብር የማይስማማ ዱቄት ገዛ። መኪናው 1000 ገጽ አተመ፤ 400ው ግን አልተነበበም። ወረቀቱ በ2 ብር ቢታሰብ 800 ብር ጠፋ። ለድራሙ 150፤ የፈሰሰውን ዱቄት ከመኪናው ለሚጠርገው ባለሙያ 450 ብር ተጨመረ። ድምሩ 1800 ብር ነው፤ የተነበበው ግን 600 ገጽ ስለ ሆነ አንዱ ገጽ 3 ብር ወጣበት። ከአዲሱ ጋር እኩል ሆነ፤ ድካሙም በከንቱ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ቁጠባ የሚለካው በዱቄቱ ዋጋ ሳይሆን በሚነበበው ገጽ ነው።

፯ኛ። ስለ ጤናና ስለ ታማኝነት

ዱቄቱ ከላመነቱ የተነሣ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከትንፋሽም ጋር ይገባል። ስለዚህ በአፍ እፍ አይባልም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። በእጅ ወይም በልብስ ላይ ቢፈስ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋልና። ወደ እሳትም አይጣልም፤ የተበተነ ዱቄት ቦግ ብሎ ሊነድ ይችላል። ይህን ሥራ ለተማሪዎች ማዘዝ አይገባም።

የራስን ካርትሪጅ መሙላት ነውር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆች ቁጥር በ2017 ዓ.ም. ሌክስማርክ የተባለው ኩባንያ በከሰሰው ነገር ሲፈርድ፤ ካርትሪጁን የሸጠ ኩባንያ በፓተንት መብቱ እንደ ገና እንዳይሞላ መከልከል አይችልም ብሏል። ነገር ግን የተሞላውን በአዲስ ሣጥን አሽጎ እንደ አዲስ መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ሌብነት ነው። ሞልቶ የሚሸጥ ሰው «የተሞላ» ብሎ በግልጥ ይጻፍበት፤ ዋጋውንም እንደዚያው ያድርግ። ለትምህርት ቤት የሚገዛም ሰው የተሞላበትን ቀንና ያወጣውን ገጽ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገብ የሌለው ቁጠባ ወሬ ብቻ ነው።

መልመጃ

፩። የጥንቱ ቀለምና ቶነር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
፪። የአንድ ድራም ውፍረት 30 ሚሊሜትር ቢሆን ጥፋቱ በወረቀት ላይ በየስንት ሚሊሜትር ይደጋገማል?
፫። ዱቄት በ500 ብር ተገዝቶ፤ ለድራም 100 ብር ተቀምጦ፤ ከ1300 ገጽ 100ው ባይነበብና የአንዱ ወረቀት ዋጋ 2 ብር ቢሆን፤ አንዱ የሚነበብ ገጽ ስንት ወጣበት?
፬። የተሞላ ቶነር እንደ አዲስ ሲሸጥ የሚጎዳው ማን ነው? ተማሪዎች ይነጋገሩበት።