የእንግሊዝኛ ሰዋስው፦ ከግሥ በኋላ የሚመጣው ቅጽል

ነገ በሸቤም ሆነ በሌላ የቡና አገር ስታስተምሩ፣ አንዱ ተማሪ «ራበኝ» ለማለት «አይ ሃንግሪ» ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። በቀይ እስክሪብቶ «ስህተት» ማለት ቀላል ነው። ምክንያቱን ማስረዳት ግን የመምህሩ ፋንታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ» ግሦች ናቸው፤ ብቻቸውን ሐሳብ ይቋጫሉ። እንግሊዝኛ ግን ይህን በቅጽል ይናገራል፤ ቅጽል ደግሞ ያለ ግሥ ዓረፍተ ነገር አያስርም። ስለዚህ «አይ አም ሃንግሪ» ይባላል። «አም» ባለቤቱንና ቅጽሉን የሚያያይዝ አገናኝ ግሥ ነው። ከእሱ በኋላ መጥቶ ባለቤቱን የሚገልጸው «ሃንግሪ» ፕሬዲኬት አጀክቲቭ ይባላል።

በአማርኛ «ቡናው ጥሩ ነው»፣ በኦሮምኛም «ቡኒ ኩን ጋሪ ዳ» ስንል ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ከቅጽሉ ይቀድማል፦ «ዘ ኮፊ ኢዝ ጉድ»።

ታዲያ እንዴት እንለየው?

1. ቦታውን እዩ። «ሬድ ቼሪስ አር ሄቪ»፣ ማለትም «ቀይ እሸት ቡና ከባድ ነው» ሲባል «ሬድ» ከስሙ በፊት ስለገባ ተራ ቅጽል ነው። የምንፈልገው «ሄቪ»ን ነው።

2. ግሡን በ«ዋዝ» ተኩት። «ዘ ኮፊ ስሜልድ ፍሬሽ» የሚለው «ዘ ኮፊ ዋዝ ፍሬሽ» ቢሆን ያስኬዳል። «ዘ ፋርመር ስሜልድ ዘ ኮፊ» የሚለው ግን «ገበሬው ቡናው ነበር» ሊሆን ነው! እዚህ ላይ «ስሜልድ» «አሸተተ» ማለት ስለሆነ አገናኝ ግሥ አይደለም።

3. «ቬሪ» ጨምሩበት። «ሸቤ ኢዝ ግሪን» ላይ «ቬሪ ግሪን» ይባላል። «ሸቤ ኢዝ ኤ ታውን» ላይ ግን «ቬሪ ታውን» አይባልም፤ «ታውን» ስም ነውና።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እኛ «ቀዮች»፣ «ትልልቆች» እንላለን። የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ለብዙ ቁጥር አይለወጥም፤ «ዘ ቼሪስ አር ሬድ» እንጂ «ሬድስ» የለም።

መልመጃ፦ ፕሬዲኬት አጀክቲቭ ያለው የትኛው ነው?
ሀ. «ዘ ቲቸር ቴስትድ ዘ ሃኒ»
ለ. «ዘ ሃኒ ቴስትድ ስዊት»

መልሱ «ለ» ነው። ለምን? ሦስቱን መፈተኛዎች ይዛችሁ ለጎረቤታችሁ አስረዱ። በሁለተኛ ደረጃ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣልና፣ መሠረቱ ሳይጸና ወደዚያ የሚሻገር ልጅ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም።