ባዮሜዲካል ምሕንድስና፦ ምን እንማራለን? የትስ ያደርሰናል?



የዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር ከዙህር ሰላት በኋላ ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ ፍሬሽማኖች ይበዛሉ። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ «ባዮሜዲካል ውስጥ ምን ትማራላችሁ?» እና «ሥራ አለው ወይ?»። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ለኢንተርንሺፕ በተመደብኩበት ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የብርሃን ሕክምና መሣሪያ ነበር። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» የሚለው፣ ዓይንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ችግር በጨቅላ ላይ ሲታይ ቢሊሩቢን የተባለ ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ በዝቷል ማለት ነው። ሰማያዊ ብርሃን በቆዳው ላይ ሲያርፍ የቢሊሩቢኑ ቅርጽ ይቀየርና ከሰውነት ለመውጣት ይቀለዋል። በጣም በዝቶ ካልታከመ ግን አንጎልን ይጎዳል፤ መስማትንም ሊያሳጣ ይችላል።

መሣሪያው በደንብ ይበራ ነበር። ነርሷ ግን «ልጆቹ እንደ በፊቱ ቶሎ አይሻላቸውም» አሉን። የብርሃን መለኪያ ተውሰን ለካን። ለጠንካራ ሕክምና በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ በናኖ ሜትር ቢያንስ 30 ማይክሮዋት ያስፈልጋል፤ የእኛ መለኪያ 10 እንኳ አልሞላም። አምፖሎቹ አርጅተዋል፤ ለዓይን ሰማያዊ ይመስላሉ እንጂ ቢሊሩቢኑን የሚሰብረው የብርሃን ኃይል ከውስጣቸው አልቋል። ስንት ሰዓት እንደሠሩ የተመዘገበበት ደብተር አልነበረም። አምፖሎቹ ተቀይረው፣ አቧራ የያዘው የፕላስቲክ ሽፋን ተወልውሎ ስንለካ ቁጥሩ ወጣ። ያን ቀን ትምህርቴ ምን እንደሆነ ገባኝ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ማንም «ተበላሽቷል» ብሎ አላመለከተም። የሚለካው ሰው ስላልነበረ ብቻ ልጆች ያልታከሙበት ብርሃን ሥር ተኝተው ነበር።

እንግዲህ ምን እንማራለን? ፕሮግራሙ አምስት ዓመት ነው። በአገራችን ጅማን፣ አዲስ አበባንና ጎንደርን ጨምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በአንድ በኩል ሒሳብ፣ ሰርኪዩት፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሲግናልና ፕሮግራሚንግ አለ። በሌላ በኩል አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አለ። ከዚያ ሁለቱ ይገናኛሉ፦ የሕክምና መሣሪያዎች፣ ኢሜጂንግ፣ ባዮሜካኒክስ፣ የመሣሪያ አስተዳደር።

መገናኘታቸውን በኢሲጂ እዩት። ልብ ስትመታ ደረት ላይ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው የ50 ኸርዝ መብራት ደግሞ በታካሚው ሰውነት ላይ ያንኑ ምልክት የሚውጥ ረብሻ ይፈጥራል። ትንሿን ምልክት አጉልቶ ረብሻውን ማጣራት የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው። የትኛው ማዕበል የልብ፣ የትኛው የረብሻ እንደሆነ ለመለየት ግን ልብን ማወቅ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ባዮሜዲካል «ግማሽ ሕክምና» አይደለም። ሕክምና ስላልደረሳችሁ ብቻ የምትመርጡት ከሆነ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሰርኪዩት ፊት ተቀምጣችሁ ታዝናላችሁ። መፍቻ ይዞ የተበላሸ ነገር መክፈት ደስ የሚለው ሰው ይምጣ።

ሥራውስ? የማውቃቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሆስፒታል። ጥገና፣ ካሊብሬሽን፣ የመሣሪያ ምዝገባ፣ ግዢ ሲኖር የቴክኒክ መስፈርት ማውጣት፣ ነርሶችን አጠቃቀም ማሠልጠን።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ተቋማት። መሣሪያ ገዝቶ የሚያሰራጨው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ጥራትና ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሙያውን ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ አስመጪ ድርጅቶች። ተከላና ጥገና ታገኛላችሁ፤ ሽያጭም ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ማስተማርና ምርምር፤ ለዚህ ውጤታችሁን ከአሁኑ ጠብቁ።

ችግሩንም አልደብቅም። ቀድመውን የተመረቁ ሲኒየሮች እንደሚነግሩን ጠጋኙ መሥራት እየቻለ መለዋወጫ ጠፍቶ መሣሪያው ወራት ይቆማል። በእርዳታ የመጣ ማሽን ማንዋል ላይኖረው ይችላል። ደመወዙም ከልፋቱ ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም። ስለዚህ ከወዲሁ ብየዳና መልቲሜትር ልመዱ፣ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በደንብ ያዙ፣ የእንግሊዝኛ ማንዋል ማንበብ ተለማመዱ፤ ክረምቱን ጥገና ክፍል ሄዳችሁ በነፃ አግዙ።

መድረሳ ሳለሁ ኡስታዛችን ፈርድ ኪፋያን ሲያስተምሩን ምሳሌያቸው የጀናዛ ሰላት ነበር፤ የተወሰነ ሰው ከፈጸመው ከሌላው ይነሳል፣ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናን ከዚህ ክፍል እንደቆጠሩት ያወቅኩት ኋላ ነው። የዛሬ ሕክምና ደግሞ ያለ መሣሪያ እጁ የታሰረ ነው። ቀደምቶቻችንም ይህን አላቃለሉትም። የቁርጡባው አዝ-ዘህራዊ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል ዘርዝረው ጽፈዋል፤ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቁት የማሽኖች መጽሐፋቸው ውስጥ ደም በማፍሰስ ሕክምና የወጣውን ደም የሚለካ ዕቃ ነድፈዋል።

የዚያች ነርስ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ታካሚው መሣሪያውን መርጦ አይመጣም፣ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ጨቅላውማ መናገርም አይችል። አማና ማለት ይሄ ይመስለኛል። ይህን መሸከም የሚፈልግ ሰው ኒያውን አስተካክሎ ቅጹን ይሙላ፤ ጥያቄ ያለው ከዐስር በኋላ መስጂድ በር ላይ ያገኘኛል፣ ኢንሻአላህ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።