የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በኖርዲክ አገሮች፦ የመውጫውና የመመለሻው በር



«ስዊድን ወይም ኖርዌይ ሄዶ ለመማር ምን ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ በካምፕ ወጣቶች ዘንድ ዘወትር ይነሳል። በዚህ እትም የምናየው አንዱን መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በኬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ስደተኛ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ዴንማርክ፣ ፊንላንድ፣ አይስላንድ፣ ኖርዌይ ወይም ስዊድን ሄዶ፣ ተምሮ የሚመለስበትን መንገድ ነው። ዋናው ትምህርታችን፣ ተማሪው የመውጫውን በር ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም በር ከመነሳቱ በፊት ማረጋገጥ አለበት የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከታሪክ አንድ ምሳሌ

ከአገራችን ሰዎች በስዊድን ከተማሩት ቀደምት አንዱ ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ከኢሉባቦር በባርነት ተወስደው በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። የስዊድን ሚሲዮን ካስተማራቸው በኋላ በ1876 ስቶክሆልም ወደሚገኘው ዮሐንሉንድ ትምህርት ቤት ላካቸው። በ1881 ተመለሱ። ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ደጋግመው ቢሞክሩም መንገዱ ተዘግቶባቸው ቆየ፤ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ይሁንና በእነዚያ የጥበቃ ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አስቴር ጋኖን ከመሳሰሉ ረዳቶች ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎሙ፤ በ1899ም ታተመ። የአገር ቤት መንገድ ቢዘጋም የተማሩት ትምህርት ሥራ ላይ ውሏል።

1. በየትኛው በር ይገባል?

ቀድሞ በእነዚህ አገሮች ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪም ያለ ክፍያ ይማር ነበር። ይህ በአብዛኞቹ ቀርቷል። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ማስከፈል ጀምረዋል። በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት የሚሄድ የልውውጥ ተማሪ ግን ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ከ2015 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ዕድል ይሰጣል፤ ለጉዞና ለኑሮም ይረዳል።

ስለዚህ መነሻው ኬንያ ውስጥ የተመዘገቡበት ዩኒቨርሲቲ ነው። መጀመሪያ እዚህ መግባት ያስፈልጋል። ለዚህም በጀርመን መንግሥት ገንዘብ በ1992 ተጀምሮ በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል የሚሰጠው የዳፊ ስኮላርሺፕ ብዙ ስደተኞችን ረድቷል። ማስታወቂያ ሲወጣ ቢሮውን ወይም የትምህርት አጋር ድርጅቶቹን መጠየቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ደግሞ የውጭ ግንኙነት ቢሮውን «ከየትኞቹ የኖርዲክ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስምምነት አለን?» ብሎ ይጠይቅ። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት በነፃ ነው። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ አትስጡ።

2. የመመለሻው ወረቀት

ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ትምህርት የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ የጉዞ ሰነድ መያዝ ግድ ነው። ስደተኛ የሚይዘው በ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት የሚሰጠውን የጉዞ ሰነድ ነው። በኬንያ ጉዳዩ የሚጠየቀው በስደተኞች አገልግሎት መምሪያ በኩል ነው። ጊዜ ስለሚወስድ የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ መልስ ሳይጠብቁ መጀመር ይሻላል።

ሰነዱ እጅ ሲገባ ሁለት ቀኖችን አንብቡ፤ ሰነዱ የሚያበቃበትንና ወደ ኬንያ መመለስ የሚፈቀድበትን የመጨረሻ ቀን። በስምምነቱ መሠረት ሰነዱን የሰጠው አገር፣ ሰነዱ እስካላለፈ ድረስ ባለቤቱን መልሶ የመቀበል ግዴታ አለበት። ነገር ግን በልዩ ሁኔታ የመመለሻውን ጊዜ ከ3 ወር በማያንስ ሊወስነው ይችላል። ሴሚስተር 4 ወይም 5 ወር ነው። ለ3 ወር ብቻ የመመለሻ መብት ይዞ የሄደ ተማሪ ፈተናውን ሳይጨርስ በሩ ይዘጋበታል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። የጉዞ ሰነድ ዘገየ ብሎ ከአገሩ ኤምባሲ ፓስፖርት የሚያወጣ ስደተኛ የስደተኝነት መብቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ከዚያ በፊት የሕግ ምክር ይጠይቅ።

3. ትምህርቱ ምን ይመስላል?

አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። ስለዚህ ባለ 5 ክሬዲት ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል፤ አብዛኛው ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ብቻን በንባብና በጽሑፍ የሚያልፍ ነው። ሰው ካላስታወሰኝ አላጠናም የሚል ተማሪ እዚያ ይወድቃል።

የአነጋገር ልማዱም ይለያል። በስዊድን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማዕረግ መጠራራት ቀርቶ መምህርም ተማሪም «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባላሉ። «አንቱ» ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ድፍረት ይመስላል። እዚያ ግን ነውሩ ዝም ማለት እንጂ መምህሩን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ አይደለም። የሌላውን ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መገልበጥ ግን ከባድ ጥፋት ነው፤ በስዊድን እስከ 6 ወር ያሳግዳል።

ጨለማውንም አስቡ። በዲሴምበር ሄልሲንኪ ላይ የቀን ብርሃን 6 ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው። በሰሜን ኖርዌይ በምትገኘው ትሮምሶ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም። ፈተናው የሚደርሰው በዚህ ወቅት ስለሆነ በብርሃኑ ሰዓት ከቤት መውጣትና ከሰው ጋር መዋል ይጠቅማል።

4. ውጤቱን ይዞ መመለስ

ከመሄድ በፊት ተማሪው፣ የኬንያው ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚፈርሙበት የትምህርት ስምምነት ይዘጋጅ። የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ በዚያ ላይ ይጻፍ። የነጥብ አሰጣጡ ከአገር አገር ይለያያል። በዴንማርክ ከፍተኛው 12፣ ዝቅተኛው ማለፊያ 02 ነው። በፊንላንድ ከፍተኛው 5፣ ማለፊያው 1 ነው። በኖርዌይ ከኤ እስከ ኤፍ ሲሆን ኢ ያሳልፋል። ከዴንማርክ 7 ይዞ የመጣ ተማሪ ደህና ውጤት አለው፤ ማብራሪያ ካልተያያዘ ግን እዚህ እንደ ወደቀ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የነጥብ ማብራሪያ ያለው ትራንስክሪፕት ሳይቀበሉ አይመለሱ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በጉዞ ሰነድ ላይ መታየት ያለባቸው ሁለት ቀኖች የትኞቹ ናቸው? ለምን?
ለ. የልውውጥ ተማሪ ከከፋይ ተማሪ በምን ይለያል?
ሐ. ኦነሲሞስ መንገዱ በተዘጋበት ዘመን ከሠሩት ሥራ ምን እንማራለን?

በየብሎካችሁ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞችና እህቶች ካሉም ጋብዟቸው።