አየር የተራበ ሞተር

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ፣ ከወረታም ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። አሮጌ የናፍጣ መኪና ሽንኩርትና ሩዝ ጭኖ ሜዳውን ደህና ይመጣል። ዳገቱ ሲጀምር ግን ማርሽ ይቀነሳል፤ ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ መኪናው እንደ ደከመ በሬ ያቃስታል። ታዲያ አንዱ ይነሣና «ተርቦ ይገጠምለት! ከሌላ መኪና የተፈታ ርካሽ አለ» ይላል።

ገንዘብ አዋጥተው መኪና በጋራ ለገዙ ገበሬዎች ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ነገሩ ከሠመረ መኪናው ይበረታል። ካልሠመረ ደግሞ የብዙ ዓመት ጥሪት አንድ ዳገት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ነገሩን አብረን እንመርምር።

፩. ሞተር ዳገት ላይ ለምን ይደክማል?

የአንጥረኛን ወናፍ እናውቃለን። ወናፉ ሲነፋ ከሰሉ ይቀላል፤ ወናፉ ሲቆም እሳቱ ይደክማል። ከሰሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። የሞተርም ጠባይ እንዲሁ ነው።

የናፍጣን ሞተር የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሞተሩ በሚገባ እንደሚሠራ ያሳየው በ1889 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1897)፣ ማለትም የዐድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ክብሪት የለም፤ ካንዴላም የለም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል። በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንምጣ። ጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየር ይሳሳል። በጅቡቲ ወደብ ያለው አየር 100 ነው ብንል፣ በባሕር ዳር 80 ያህል ብቻ ነው። ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ደግሞ 73 ያህል ይሆናል። ሞተሩ ግን የተሠራው 100 እንዲተነፍስ ነው። አየር ያልበቃው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጢስ እኮ ገንዘባችሁ ነው!

፪. ተርቦ ምንድን ነው?

«ተርቦ» ሲባል የራበው ማለት አይደለም። የባዕድ ቃል ነው። ሥራው ግን አየር የተራበውን ሞተር ማብላት ስለሆነ፣ ስሙ በአጋጣሚ ሰምሮለታል።

ተርቦን አስቦ በ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1905) የፈጠራ መብት ያገኘው አልፍሬድ ቡኪ የሚባል የስዊስ መሐንዲስ ነው። አሠራሩ ከውሃ ወፍጮ ጋር ይመሳሰላል። ውሃ ሲወርድ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩም ድንጋዩን ያዞራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫም የዐባይን ውሃ የተጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። በተርቦ ውስጥ ግን መዘውሩን የሚያዞረው ውሃ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ወደ ማርሚታው የሚወጣው ትኩስ ጢስ ነው። በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ መዘውር አለ። እሱ ንጹሕ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ስለዚህ ተርቦ ማለት በጢስ የሚሠራ ወናፍ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። እንዲህ እየዞረ የማይቃጠለው የሞተሩ ዘይት ስለሚያስተኛውና ስለሚያቀዘቅዘው ነው።

፫. የሌላ መኪና ተርቦ ይሆናል?

ይሆናል፤ ነገር ግን ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። የወይፈን ቀንበር ለትልቅ በሬ እንደማይሆን ሁሉ፣ ተርቦም በሞተሩ ልክ መመረጥ አለበት። ተርቦው ከሞተሩ ከበለጠ፣ ትንሹ ጢስ ቶሎ አያዞረውም፤ ሹፌሩ ነዳጅ ቢረግጥም አየሩ ዘግይቶ ይመጣል። ተርቦው ካነሰ ደግሞ ጢሱ መውጫ ያጣል፤ መዘውሩም ከልክ በላይ ዞሮ ይሰበራል። ቡሎኑ ገጠመ ማለት ተርቦው ተስማማ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የሞተሩ አቅም ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየውን የላንድክሩዘር መኪና እንውሰድ። ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተሩ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ የለውም። አየሩን 22 እጥፍ ያህል ይጨምቃል። ይኸው ፋብሪካ ከተርቦ ጋር የሠራው ዋን ኤች ዲ ቲ የሚባለው ሞተርም 4.2 ሊትር ነው፤ የሚጨምቀው ግን 19 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለምን ቀነሰ? ተርቦ አስቀድሞ የታመቀ አየር ስለሚሰጠው ነው። 22 እጥፍ በሚጨምቅ ሞተር ላይ ኃይለኛ ተርቦ ቢገጠም ፒስተኑና ቴስታታው ከአቅማቸው በላይ ይጫናሉ። አንድ ቀን ይሰነጠቃሉ።

ታዲያ ምን ያህል ይበቃል? እናስላው። በባሕር ዳር ያለን 80 ነው። የሚጎድለን 20 ነው። 20 ደግሞ የ80 ሩብ ነው። ስለዚህ ያለንን አየር በሩብ ያህል የሚጨምር ቀላል ተርቦ፣ ከፍታው የቀማንን ይመልስልናል። ከዚያ በላይ «እንዲበር» እያሉ አየሩንና ናፍጣውን መጨመር ሞተሩን መግደል ነው።

፬. ከመክፈል በፊት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። ብዙ ጊዜ መኪና የሚደክመው ተርቦ ስለሌለው ሳይሆን፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ስለታፈነ ነው። ወይም የናፍጣ ፊልትሮው ቆሽሿል፤ ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር አርጅቷል። በመጀመሪያ እነዚህን አስመርምሩ። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ወይም ውሃ የሚያፈላ ከሆነም ተርቦ አያድነውም፤ ቶሎ ይገድለዋል እንጂ።

ተርቦውን ስትገዙ ዘንጉን በጣት ይዛችሁ ነቅንቁት። መዘውሩ ቤቱን ከነካ ወይም ጥርሱ ከተሸረፈ አትግዙ። መካኒኩንም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዘይት በየት ይገባል? በየትስ ይወርዳል? የአየሩ ግፊት ሲበዛ ጢሱን የሚያስተነፍሰው በር ይሠራል? ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ ይገጠማል? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ።

፭. ከተገጠመ በኋላ

ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው ይለወጥ። በፊልትሮ ያላለፈ አቧራ መዘውሩን ይበላዋል። ከባድ ዳገት ወጥታችሁ ስትቆሙ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይረገጥ ይሥራ። አለዚያ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ አርሮ ይቀራል።

ሰማያዊ ጢስ ካያችሁ ዘይት እየተቃጠለ ነውና መኪናውን አቁማችሁ አስመርምሩ። የተርቦው የዘይት ማገጃ ፈጽሞ ከተበላሸ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ፣ ቁልፍ ቢዘጋም አልጠፋም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ሞተሩን ያንቀው። ተሳፋሪው ግን ፈጥኖ ይራቅ።

እንግዲህ ተርቦ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ በልኩ ሲሆን ዳገቱን ያቀላል፣ ጢሱንም ይቀንሳል። ልኩን የሚያውቅ ባለመኪና ማንም አያታልለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ናፍጣ ያለ ክብሪት እንዴት ይቀጣጠላል?
2. በደብረ ታቦር ያለው አየር 73 ከሆነ፣ 100 ለመሙላት ስንት ይጎድላል?
3. ቡሎኑ የገጠመ ተርቦ ሁሉ የማይስማማው ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ መኪና ቢደክም በመጀመሪያ ምኑን ታስመረምራላችሁ?