እርዳታና ምስክርነት፦ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት

መግቢያ

ሰብአዊ እርዳታና ሰብአዊ መብት ዘወትር ተጣምረው ይነሣሉ። ሁለቱም መነሻቸው የሰው ልጅ ክብር ነው፤ ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ሲውሉ የሚጠይቁት ነገር አንድ አይደለም። እርዳታ ከቆሰለው ሰው ዘንድ መድረስን ይሻል፤ ለዚህም የተፋላሚዎቹን ፈቃድ ማግኘት ግድ ይለዋል። መብት ግን ያቆሰለው ማን እንደሆነ እንዲታወቅና እንዲጠየቅ ይሻል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ዓላማዎች ፊት ለፊት የተጋጩበትን አንድ የታሪክ ምዕራፍ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ኮሚቴው ገለልተኛነትንና ዝምታን አንድ አድርጎ መውሰዱ በመጨረሻ የጠቀመው ተጎጂውን ሳይሆን አጥቂውን ነው የሚል ነው።

የሕጉ መሠረት

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር የጎደለው ሕግ አልነበረም። በ1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1925) የተፈረመው የጄኔቫ ፕሮቶኮል በጦርነት ጊዜ በመርዝ ጋዝ መጠቀምን ከልክሏል፤ ኢጣሊያም ከጦርነቱ ዓመታት አስቀድማ አጽድቃው ነበር። በ1921 ዓ.ም. የተሻሻለው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ ቁስለኞችን፣ ሐኪሞችንና የሕክምና ቡድኖችን ከጥቃት ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በጦርነቱ ዋዜማ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ።

የአገሪቱ ሠራዊት የተደራጀ የሕክምና አገልግሎት ስላልነበረው፣ አዲሱ ማኅበር ሸክሙን ብቻውን ሊወጣው አይችልም ነበር። ስለዚህ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከብሪታንያ፣ ከኔዘርላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡ የሕክምና ቡድኖች ወደ ጦር ግንባር ዘመቱ። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ አገልግሎቱን ለሁለቱም ወገኖች አቅርቦ ነበር። ኢትዮጵያ ስትቀበል የኢጣሊያ ቀይ መስቀል ግን እርዳታ አያሻንም ብሎ መለሰ። በዚህ ምክንያት ሲድኒ ብራውንና ሐኪሙ ማርሴል ዡኖ የተባሉት መልእክተኞች የተሰማሩት በኢትዮጵያ ወገን ብቻ ነበር። ይህ ነጥብ ለኋላው ክርክር ወሳኝ ነው።

በዓርማው ላይ የወደቀ ቦምብ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በዶሎ አቅጣጫ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቡድን ተደበደበ፤ በተኙበት ከሞቱት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሌላ አንድ ስዊድናዊ የቡድኑ አባል ሕይወቱን አጣ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በኮረም አቅራቢያ የነበረው የብሪታንያ ቡድን ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው።

ኢጣሊያ ለድርጊቱ ሁለት ምክንያት ታቀርብ ነበር። አንደኛው በኢትዮጵያውያን እጅ ስለተገደለ አውሮፕላን አብራሪ የተወሰደ የበቀል እርምጃ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ኢትዮጵያውያን ዓርማውን ለወታደራዊ ጥቅም ያውሉታል የሚል ክስ ነው። ዓርማው ያለአግባብ የተሰቀለበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን የዓርማው አላግባብ መዋል፣ ተለይተው በታወቁ የሕክምና ድንኳኖች ላይ ቦምብ ለመጣል ፈቃድ አይሆንም። ያም ሆኖ ክሱ ለኢጣሊያ የሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነበር፤ ጥያቄውን «ሆስፒታሉን ማን ደበደበ?» ከሚለው ወደ «ዓርማውን ማን አረከሰ?» ወደሚለው አዛወረው።

መርዙና ዝምታው

ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣሊያ አየር ኃይል የሰናፍጭ ጋዝ መጣል ጀመረ። መርዙ ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ ጫማና መከላከያ ጭንብል በሌለው ሠራዊት ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር። ዡኖ በመጋቢት ወር ኮረም ላይ በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎችን በዓይኑ አይቷል። በግንባር የነበሩት ሐኪሞችም ያከሙትን ቁስል መዝግበዋል። ስለዚህ ጄኔቫ መረጃ አላጣችም።

በሚያዝያ ወር የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጦርነቱ ሕግ መጣስ ያለውን መረጃ እንዲሰጥ ኮሚቴውን በይፋ ጠየቀ። ኮሚቴው አልሰጠም። ያቀረበው ምክንያት በሁለት ይጠቃለላል፦ ገለልተኛነቱን መጠበቅ እንዳለበት፣ እንዲሁም በጄኔቫው ስምምነት መሠረት ሊካሄድ ለታሰበው ምርመራ ራሱን መቆጠብ እንደሚገባው። ሆኖም ስምምነቱ የምርመራውን አካሄድ ተፋላሚዎቹ ተስማምተው እንዲወስኑ ያዛል። በሌላ አነጋገር፣ ምርመራው ያለ ተከሳሹ ፈቃድ ሊጀመር አይችልም ነበር፤ አልተጀመረምም። አዲስ አበባ በሚያዝያ መጨረሻ ተያዘች። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በማኅበሩ ጉባኤ ቀርበው ስለ መርዙ ሲናገሩ፣ ቃላቸውን ሊያጸና የሚችለው የገለልተኛ ወገን ሰነድ በመዝገብ ቤት ተዘግቶ ነበር።

ዝምታው ሲመዘን

የኮሚቴው ዝምታ በሁለት ሚዛን ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ጥቅሙ ነው። የዝምታ ዋነኛ ማስተባበያ፣ ረጂው ከተናገረ በሩ ይዘጋበታል የሚል ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን የኢጣሊያ በር ከመጀመሪያውም አልተከፈተም። በዝምታው ሊጠበቅ የሚችል በኢጣሊያ ወገን የተሰማራ መልእክተኛ አልነበረም፤ ቦምቡም አላቆመም። ሁለተኛው የጠያቂው ማንነት ነው። በአደባባይ ማውገዝ አንድ ነገር ነው፤ ሥልጣን ያለው ዓለም አቀፍ አካል በይፋ ሲጠይቅ ያዩትን መናገር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከገለልተኛነት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ለማንም ሳያዳሉ እውነቱን ማስረዳት ነው።

ተቃራኒው መንገድ ዋጋ እንደሚያስከፍል በዚያችው አገር ታይቷል። በቢያፍራ ጦርነት ካገለገሉ በኋላ ዝምታውን የተቃወሙ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1964 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለውን ድርጅት በማቋቋም ተሳትፈዋል። የድርጅቱ የፈረንሳይ ክፍል በረኀቡ ዘመን የደርግን አስገዳጅ የሰፈራ ዘመቻ በይፋ በማውገዙ በ1978 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ተባረረ። ሌሎች ድርጅቶች ሕሙማኑን ላለመተው ሲሉ ቀሩ። የተናገረው ሕሙማኑን አጣ፤ የቀረው ድምፁን አጣ። ስለዚህ ንግግር ሁልጊዜ ከዝምታ ይበልጣል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ማጠቃለያ

የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። የኮሚቴው የቆዩ መዛግብት ለተመራማሪዎች የተከፈቱትም በዚያው ዓመት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1940 ዓ.ም. በባዶሊዮና በግራዚያኒ ላይ የሚያስከስስ ማስረጃ መኖሩን ቢቀበልም፣ ለኢትዮጵያ ፍርድ የቀረበ ተከሳሽ አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እያንዳንዱ ረጂ ከሳሽ ይሁን የሚል አይደለም። ቁስል የሚያክም እጅ ቁስሉን ይመዘግባል፤ መዝገቡም በተጠየቀ ጊዜ ለሚመለከተው አካል የሚደርስበት መንገድ ከአደጋው በፊት መዘጋጀት አለበት። ያ መንገድ በሌለበት ረጂው የሚምረው ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን አጥፊውንም ጭምር ይሆናል። በኮረም የታከሙት ሰዎች ሐኪም አግኝተዋል፤ ምስክር ግን በዕድሜያቸው አላገኙም።