«ዳይቨርስ» እና «ቬሪየስ» በምን ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላቴ ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ቅጽሎች «ልዩ ልዩ» ብሎ ይፈታቸዋል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይቻልም። «ቬሪየስ» በርካታና የተለያዩ ነገሮችን ይጠቁማል፤ ስለዚህ የሚከተለው ስም የብዙ ቁጥር ይሆናል። «ቬሪየስ ታውንስ» ሲባል ከተሞቹ ብዙ መሆናቸውን እንረዳለን፤ ምን ያህል እንደሚለያዩ ግን አይነግረንም።

«ዳይቨርስ» የሚያጎላው ልዩነቱን ራሱን ነው። ምንጩ «ወደተለያየ አቅጣጫ የዞረ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ነው። ነጠላ ስምንም ይገልጻል፦ «ኤ ዳይቨርስ ሲቲ» በቋንቋ፣ በእምነት ወይም በባህል የሚለያዩ ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ከተማ ነው። እዚህ ላይ «ቬሪየስ»ን መተካት አይቻልም።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዳይቨርስ» የስብስብ ባሕርይ ነው፤ አንድን ሰው ብቻውን «ዳይቨርስ» ማለትን ጠንቃቃ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም።

እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ዳይቨርዝ» የሚል የቆየ ቅርጽ ካጋጠመዎት፣ ፍቺው ወደ «ቬሪየስ» ይቀርባል። ዛሬ ግን በጽሑፍዎ አይጠቀሙበት።

ሲጠራጠሩ ራስዎን ይጠይቁ፦ መናገር የፈለግሁት ብዛቱን ነው ወይስ የልዩነቱን ስፋት? ለመጀመሪያው «ቬሪየስ»ን፣ ለሁለተኛው «ዳይቨርስ»ን ይምረጡ።