ትምህርት 14፦ አይፈለጌ መልእክትና የመሥሪያ ቤት ሥራ

አስረጂ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ መንሥኤና መፍትሔ በቅደም ተከተል ያብራራል። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ አሳቡ ከችግር ወደ መፍትሔ እንዴት እንደሚሸጋገር አስተውሉ።

ምንባብ

ያለ ተቀባዮቹ ፈቃድ ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠራጭ የማስታወቂያ ወይም የማጭበርበሪያ ኢሜይል አይፈለጌ መልእክት ይባላል። ለዚህ ቀዳሚ ሆኖ የሚጠቀሰው፣ ጌሪ ተርክ የተባለ የአንድ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሠራተኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች የላከው ማስታወቂያ ነው። በኢሜይል ለአንድ ሰውም ሆነ ለሺህ ሰው መላክ በወጪም በድካምም እምብዛም ስለማይለያይ ልማዱ እየተስፋፋ ሄደ።

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ በምትገኘው በደጀን ከተማ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። አንድ ቀበሌ የማዳበሪያ ጥያቄውን በኢሜይል ልኳል፤ ነገር ግን የሐሰት ሎተሪ ብሥራትና የሸቀጥ ማስታወቂያ ከቦታል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ስትደመስስ እውነተኛውን ደብዳቤ አብራ ብታጠፋው የዘር ወቅት ያልፋል፤ ጉዳቱም በገበሬው ላይ ይወድቃል።

አይፈለጌ መልእክትን ለመቀነስ በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ላገኙት ሁሉ አለመስጠት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለማይታወቅ ላኪ መልስ መስጠት «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንደ ማለት ነው፤ መልሱ አድራሻው የሚሠራ መሆኑን ለአጭበርባሪው ያረጋግጥለታልና። ሦስተኛ፣ መልእክቱን ዝም ብሎ ከመደምሰስ ይልቅ አይፈለጌ መሆኑን ምልክት ማድረግ ይሻላል፤ የኢሜይሉ ማጣሪያ ከዚህ ይማራል። ይሁን እንጂ ማጣሪያው አልፎ አልፎ ፍሬውን ከገለባው ጋር ያስቀራል። ስለዚህ ተለይተው የተቀመጡትን መልእክቶች በየዕለቱ መመርመር ያስፈልጋል።

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሠራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። ላኪው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን በሕግ መያዙ አዳጋች ነው፤ ስለሆነም የመጀመሪያው ጠባቂ ሠራተኛው ራሱ ነው።

መልመጃ

1. «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» በምንባቡ ውስጥ ምንና ምን አሳቦችን አያያዙ? የሁለቱን አገልግሎት ልዩነት አስረዱ።
2. የቀበሌው ደብዳቤ ከአይፈለጌ መልእክት እንዲለይ «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ ምን ሊጻፍ ይገባል? ከዐሥር በማይበልጡ ቃላት ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ችግር መርጣችሁ መንሥኤውንና መፍትሔውን በሁለት አንቀጽ አስረዱ።